ስልኩን ያነሳችው ሴት

የእትዬ የሺን ሞት የሰማሁት በስልክ ጽሑፍ ነው። የላከችው ልጇ ናት። «እማዬ ዛሬ ጠዋት አረፈች። ቀብሯ ቅዳሜ ነው። ከሩቅ ያላችሁ በዝናብ እንዳትነዱ ብላለች።» ልጅቷ እዚህ አሜሪካ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛውን ማን እንደጻፈላት አላውቅም። ንግግሩ የማን እንደሆነ ለማወቅ ግን ፊርማ አላስፈለገኝም። ኦክላንድ፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆሜ ደግሜ አነበብኩት። የሞተ ሰው ስለ መንገድ ሁኔታ ሲመክረኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

በቀብሯ ላይ የሕይወት ታሪኳ ሲነበብ «ትሑት፣ ታጋሽ፣ ለሁሉ የምትመች» ተባለ። አጠገቤ የቆመ ሰውዬ ጎኔን ጎሰም አድርጎ «ማንን ነው የምንቀብረው?» አለኝ። እኛ በሞተ ሰው ላይ የምንፈጽመው ግፍ ይህ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ለፍቶ ያገኘውን ጠባይ ፍቀን የሁሉንም ሰው የሕይወት ታሪክ እናነብለታለን። የሺ ትሑት አልነበረችም። ታጋሽም አልነበረችም። ለማን እንደምትመች ደግሞ እግዜር ይወቀው። የማልረሳትም ለዚሁ ነው።

ሳን ሆዜ ውስጥ የራሷ ቫን ነበራት፤ መንገደኛ ወደ ኤርፖርት ታመላልስበታለች። አጭርና ደንዳና ነበረች። ልትናገር ስትል መነጽሯን ታወልቃለች፤ መነጽሯ ከወለቀ አንድ ሰው ሊነገረው ነው ማለት ነው። ግብዣ ላይ ከጠገበች በኋላ «በሞቴ» እያሉ ጉርሻ ሲያስጠጉባት «አይሙቱ፤ ግን አልበላም» ብላ ፊቷን ታዞራለች። «ሰው ምን ይላል?» ለሚላት ሁሉ መልሷ አንድ ነበር፤ «ሰው ብዙ ይላል። ሥራ ስለፈታ ነው።»

ስለ ይሉኝታ የተጻፈውን ብዙ አንብቤአለሁ። አብዛኛው ውዳሴ ነው፤ ማኅበረሰብን አስተሳስሮ የሚያኖር ክር ነው ይባላል። ይሆናል። እኔ ግን ክሩ አንገት ላይ ሲጠመጠም ያየሁበት ቀን አለ፤ የበጠሰችውም የሺ ናት። እዚህ ቤይ ኤሪያ፣ ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ፣ ያለው ወገናችን ግማሹ ያን ቀን እስከ ዛሬ አልተወላትም። ነገሩን እኔ እዚያው ስለነበርኩ ልናገረው።

አስቴር ኦክላንድ ውስጥ ጎረቤቴ ነበረች። የቤት ኪራይ ሲያማርራት ልጇን ይዛ ከተራራው ማዶ፣ ኔቫዳ፣ ሪኖ ገባች። አንድ ጥር ላይ እናቷ አዲስ አበባ ሞቱ። እኛ ሁላችን ሰማን፤ ያልሰማችው እሷ ብቻ ነበረች። ነገሩ እንግዳ የሚሆንበት አንባቢ ካለ፣ እኛ ዘንድ የእናት ሞት እንደ ዜና አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይሄዳሉ፤ ንጋት ላይ በሩን ያንኳኳሉ፤ ሰውዬው ገና በራፉ ላይ የቆሙትን ሲያይ ይገባዋል፤ ሲወድቅ የሚደግፈው እጅ አጠገቡ አለ። መርዶ ማለት ይህ ነው። የረባ ሥርዓት ነው፤ አልክድም።

የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ተፈራ ከሳን ሆዜ መጥተው ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰቡን። ከሰዓት በፊት ተነስተን ማታ ሪኖ እንገባለን፣ የምናውቃቸው ሰዎች ቤት አድረን ንጋት ላይ አስቴር ዘንድ እንሄዳለን አሉ። የሁላችንም ስልክ ላይ ግን የአየር ሁኔታ ማስጠንቀቂያ መጥቶ ነበር፤ ተራራው ላይ ከባድ የበረዶ ማዕበል አለ፣ ግድ ካልሆነባችሁ አትጓዙ ይላል።

የሺ መነጽሯን አወለቀች። «ማዕበሉ ይለፍና እንሂድ።»

«አንድ ዘመዷ ፌስቡክ ላይ ሻማ ለጥፏል» አሉ ጋሽ ተፈራ። «ስም አልጻፈም እንጂ ነገ ይጽፋል። ይቀድመናል።»

«እንግዲያው ይደውሉላት።»

መቅደስ ውስጥ ሲጋራ የለኮሰች ይመስል ሁሉም ዞሮ አያት።

«መርዶ በስልክ?» አሉ ጋሽ ተፈራ። «ፒዛ ነው እንዴ የምናዘው?»

ቀሲስ አንገታቸውን ደፉ። በዲቪ ከመጣች ብዙ ያልቆየችው፣ ነርስ የሆነችው ሄለን ደግሞ «እትዬ የሺ፣ እኛ ሆስፒታል እንኳን ቤተሰብ ጠርተን አስቀምጠን ነው የምንነግረው። በስልክማ ቬሪ ባድ ነው» አለች።

«ሆስፒታላችሁ ተራራ ላይ ነው?» አለቻት የሺ። ከዚያ ወደ ጋሽ ተፈራ ዞራ፣ «እኔ አልነዳም ብል ማን ሊነዳ ነው?»

ጋሽ ተፈራ የራሳቸውን መኪና ቁልፍ አውጥተው አሳዩዋት። መኪናዋን ሁላችንም እናውቃታለን። ጎማዎቿ እንደ እንቁላል የለሰለሱ ናቸው።

«ይክተቱት» አለች። «እኔ እነዳለሁ።»

በማግስቱ ቫኗን ኦክላንድ አቁማ ስትጠብቀን ከኋላ ብርድ ልብስ፣ ውሃ፣ አንድ ከረጢት ቆሎ፣ የእጅ ባትሪ፣ የጎማ ሰንሰለትና አካፋ ጭናለች። ጋሽ ተፈራ አካፋውን ሲያዩ ሳቃቸው መጣ። «የሺ፣ የምንሄደው ልናረዳ ነው ወይስ ልንቀብር?»

«እሱን መንገዱ ይወስናል፤ ይግቡ።»

አምስት ነበርን፤ እሷ፣ ጋሽ ተፈራ፣ ቀሲስ፣ ሄለንና እኔ። ሳክራሜንቶን ስናልፍ ዝናብ ነበር። ኦበርንን አልፈን ሽቅብ ስንል ዝናቡ ወደ በረዶ ተለወጠ። ከመንገዱ ዳር ወርዳ ካርቶን አንጥፋ፣ በጀርባዋ ተኝታ ሰንሰለቱን ራሷ አሰረች። ላግዝሽ ስላት «አንተ መጽሐፍህን አንብብ» አለችኝ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በረዶው እየበዛ፣ መኪናው ሁሉ እየተንቀረፈፈ ሄዶ በመጨረሻ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከፊታችን ቀይ የፍሬን መብራት ሰልፍ፤ ከዚያ ወዲያ ነጭ ብቻ።

በዚህ መሀል ሰማዩ በራ። ሰማያዊነት ያለው ብርሃን ነው፤ በረዶው ከየአቅጣጫው ስለሚመልሰው ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ወዲያው ድፍን ያለ፣ ጥጥ ውስጥ ተጠቅልሎ የተተኮሰ የሚመስል ጉርምታ ተከተለው። ሄለን «ኦ ማይ ጋድ» ብላ ክንዴን ያዘች።

ጋሽ ተፈራ ግን ፊታቸው ፈካ። «ተመስገን! ነጎድጓድ ካለበትማ ቶሎ ያባራል።»

ሁላችንም ተንፈስ አልን። ይህን ስህተት የሚሠራ ከእኛ በቀር ያለ አይመስለኝም። በበረዶ አገር ያደገ ሰው በረዶ ሲወርድ ነጎድጓድ ከሰማ ይደነግጣል፤ አይቶት አያውቅማ። እኛ ግን በረዶና መብረቅ አብረው ሲመጡ ነው ያደግነው። ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ልጅ ወጥቶ ይለቅማል፣ ወዲያው ፀሐይ ይወጣል። ስለዚህ በዚያ ተራራ ላይ ከቆመው ሕዝብ ሁሉ ነጎድጓዱ ያጽናናው እኛን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

መነጽሯ ወለቀ።

«ይሄ የሚያባራው በረዶ አይደለም» አለች የሺ። ስደተኛ ሆና መጀመሪያ የገባችው በረዶ የማይለያት ቡፋሎ ከተማ፣ ሐይቁ ዳር ነበር፤ ይህንን እዚያ አውቀዋለች። «ነጎድጓድ የሚሰማበት በረዶ ከሌላው ይብሳል። በላይ በላዩ ይቆልላል፤ አፍንጫህን አታይም። ደግሞ በረዶው ድምፅ ይውጣል። ነጎድጓዱ ከተሰማህ ሩቅ አይደለም፣ አናትህ ላይ ነው። ማንም እንዳይወርድ።»

በኋላ ቤቴ ገብቼ አነበብኩት። እርጥብና ሞቅ ያለ አየር ከታች፣ ብርቱ ብርድ ከላይ ሆነው፣ የታችኛው በኃይል ወደ ላይ ሲወነጨፍ የሚወለድ ነገር ነው፤ እዚህ አገር ተንደርስኖው ይሉታል። ያነበብኩት ሁሉ እሷ ካለችው አይበልጥም፤ የሚበልጠው በትሕትናው ብቻ ነው።

መንገዱ መዘጋቱ በስልክ መጣ። የሺ ሞተሩን አጠፋች። አልፎ አልፎ እያስነሳች ታሞቀናለች፤ ግን ነጎድጓዱ ጋብ ባለ ቁጥር መጀመሪያ ወርዳ ከኋላ ያለውን የጭስ ማውጫ በአካፋ ትጠርጋለች። «ይሄ ከተደፈነ ጭሱ ወደ እኛ ይመለሳል። ሽታ የለው፣ ምን የለው፣ ተኝታችሁ ትቀራላችሁ» አለች። በብርዱም ላይ በነፋሱ ማዶ ያለውን መስኮት ጥቂት ከፈተች። ጋሽ ተፈራ «ብርድ አስገብተሽ ልትገድይን ነው?» ሲሏት «ብርዱ ቀስ ብሎ ነው የሚገድል፤ እግርዎን ያንቀሳቅሱ» አለቻቸው። ለነፍስ አድን ሠራተኞች እንድንታይ አንቴናው ላይ ደማቅ ጨርቅ ይታሰር ስትል እርስ በርስ ተያየን። ለልቅሶ የሚሄድ ሰው ደማቅ ጨርቅ ከየት ያመጣል? ቀሲስ መስቀላቸውን የጠቀለሉበትን ቀይ ከፋይ ፈቱ። «እንኩ» አሉ። «ለዚህም ይሆናል።»

ወርደው መንገዱን በመስቀል ሊባርኩ ሲነሱ ግን የሺ ከለከለቻቸው። «አባ፣ ብረት ይዘው በመብረቅ? ከዚሁ ሆነው ያሳልሙን።»

ቀሲስ ትንሽ አሰቡ። «እግዜርም መኪና ውስጥ አልሰማም አላለ» ብለው ተቀመጡ።

ስልኩ መጮህ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ የጋሽ ተፈራ። አውጥተው አዩና መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። «እሷ ናት» አሉ። ቀጥሎ የሄለን ጮኸ። ሄለን ስልኩን እንደ ጋለ ብረት ጭኗ ላይ ጣለችው። ቀጥሎ የእኔ። አስቴር ይላል። እየጮኸ እየጮኸ ዝም አለ። ማንም አላነሳም። መርዶ ያለበት ሰው ስልክ አያነሳም፤ ድምፁ ያሳብቅበታላ። እንዲህ ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ስልኩን ሲዘጋባት እናቷ መሞታቸውን ያልጠረጠረች ኢትዮጵያዊት ካለች ማየት እፈልጋለሁ። እኛ ግን በዝምታችን የደበቅናት መስሎን ነበር።

«ጠርጥራለች» አሉ ጋሽ ተፈራ። ኮታቸውን መቆለፍ ጀመሩ። «ከታች መውጫው ጋ የነዳጅ ማደያ መብራት አይቻለሁ፤ እንዲያውም ይሄው ይታያል። እዚያ ድረስ በእግር ወርጄ ከባድ መኪና እለምናለሁ። ቀሲስ፣ ይነሱ።»

ቀሲስ ነጠላቸውን አጣፉ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ የጫማዬን ክር እየጠበቅሁ ነበር። ሽማግሌ ሲነሳ ተቀምጦ መቅረት አልተማርንም።

ቀጭ! የሺ በሮቹን ሁሉ ቆለፈች።

«ክፈችው።»

«አልከፍትም።»

«የሺ! ያቺ ልጅ ብቻዋን ከግድግዳ ጋር ስታወራ ልትሰማው ነው!»

«ቡፋሎ አብሮኝ የሚሠራ ሰው ነበር» አለች የሺ፤ ወደ ኋላ አልዞረችም፣ በፊት መስተዋቱ ነው የምታየን። «መኪናው በረዶ ውስጥ ተያዘ። የቤት መብራት ይታየዋል። ቅርብ ነው አለና ወረደ። መኪናውን ያገኙት በማግስቱ ነው፤ እሱን በረዶው ሲቀልጥ። ከመኪናው ብዙም አልራቀም። እናቱን ማን እንዳረዳቸው ልንገርዎት?»

ጋሽ ተፈራ ወደ ማደያው መብራት አዩ። እጃቸው ግን ከበሩ እጀታ አልተነሳም።

ስልክ ጮኸ። የየሺ ስልክ ነው፤ ዳሽቦርዱ ላይ ተሰክቶ፣ የአስቴር ስም በሁላችንም ዓይን ውስጥ።

«እንዳታነሺው!» አሉ ጋሽ ተፈራ።

«አንተ ተቀመጥ።» አንተ ስትላቸው ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት። አነሳችው።

«እትዬ የሺ?» የአስቴር ድምፅ መኪናውን ሞላው። «ማንም ስልክ አያነሳልኝም። ምንድነው?»

«አስቴርዬ፣ ማን አለ ካንቺ ጋር?»

«ልጄ አለች። ጎረቤቴም አለች። ምንድነው በማርያም?»

«ሁለቱም አጠገብሽ ይሁኑ። ተቀመጭ።» ጋሽ ተፈራ ከኋላ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ሊይዙ ሲሉ በክርኗ መለሰቻቸው። «አስቴርዬ፣ እናትሽ አርፈዋል።»

የመጣውን ጩኸት አልጽፈውም። የእናቱን ሞት የሰማ ያውቀዋል፤ ያልሰማም ጊዜውን ይጠብቅ። የሺ ስልኩን አልዘጋችም። ቀድመው ያለቀሱት ቀሲስ ናቸው። ቀጥላ ሄለን። ከዚያ ጋሽ ተፈራ ራሳቸው፣ ግንባራቸውን የፊት ወንበሩ ላይ ደፍተው «እሜትዬ፣ እሜትዬ» እያሉ አስቴር በምትጮህበት ልክ ጮኹ። መስኮቱ በትንፋሻችን ደፈረሰ። ከላይ እያንጎደጎደ፣ በስልክና በመኪና መካከል የተለቀሰ ልቅሶ ነው። ወግ የለውም ያለ ሰው እዚያ አልነበረም።

ትንሽ ስትበርድ አስቴር «እንዲህ ይነገራል?» አለች። «እትዬ የሺ፣ እንዲህ ይነገራል?»

«አይነገርም» አለች የሺ። «ግን እነዚህ ሽማግሌዎች ላንቺ ብለው በዚህ መብረቅ ውስጥ ወርደው ሊሄዱ ነበር። አሁን የሚሄዱበት ጉዳይ የላቸውም። አልቅሺ፤ መንገዱ ሲከፈት እንመጣለን።»

ስልኩን ዘጋችው። ጋሽ ተፈራ እጃቸውን ከበሩ አነሱ። ሌሊቱን ሙሉ የሺ «እግራችሁን አንቀሳቅሱ፣ ቆሎ ቅመሱ» ትላለች፤ እኔና እሷ እየተፈራረቅን የጭስ ማውጫውን እንጠርጋለን።

የኋላውን ቀድሜ ልጨርሰው። እድሩ ጉዳዩን ሁለት ስብሰባ ተነጋገረበት። «በስልክ ያረዳች» የሚለው ስም ከእሷ ጋር ቀረ፤ ዩኒየን ሲቲ አንድ ሠርግ ላይ ጠረጴዛዋ ለብቻዋ ሲቀር አይቻለሁ፤ እሷ ግን ሁለት ሰሃን በላች። ይቅርታ ጠይቂ ሲሏት «ምን አደረግሁ? ቆማችሁ እየሰደባችሁኝ አይደል?» አለች። እሷና አስቴር በመጨረሻ ታርቀው ተቃቀፉ ብዬ ብጽፍ ደስ የሚለው አንባቢ አለ። አልታረቁም። አስቴር በእናቷ ሞት ላይ የምትቆጣበት ሰው ያስፈልጋት ነበር፤ ሞትን ደግሞ ቤይ ኤሪያ ውስጥ አድራሻውን የሚያውቅ የለም። ጋሽ ተፈራ ደህና ናቸው፤ ዛሬም እድሩን ይመራሉ፤ ዛሬም ስሟ ሲነሳ ፊታቸው ይጠቁራል። በሕይወት ያለ ሰው የመቆጣት መብት አለው።

ጠዋት መንገዱ ተከፈተ። በረዶ ጠራጊው መኪና ከፊታችን፣ እኛ ከኋላው ሆነን ወደ ሪኖ ወረድን። የአስቴር ቤት በር ክፍት ነበር፤ ለቀስተኛ ሞልቷል። አስቴር ጥቁር ለብሳ ደጃፉ ላይ ወጣች። ጋሽ ተፈራን አቀፈች፣ ቀሲስን እጃቸውን ስማ አቀፈች፣ ሄለንን አቀፈች፣ እኔንም። የሺ ጋ ስትደርስ እጇን ወደ ደረቷ ሰበሰበች።

«አንቺ አትግቢብኝ» አለቻት።

ሁላችንም መሬት መሬት አየን። የሺ መነጽሯን የምታወልቅ መስሎኝ ነበር። አላወለቀችም። «እሺ» አለችና ተመልሳ ቫኗ ውስጥ ገባች።

ለቅሶው ረጋ ሲል ምግብ ቀረበ። አንድ ሰሃን ምስር በእንጀራ ይዤ ወጣሁ። መሪው ላይ ሁለት እጇን አስቀምጣ ቤቱን ታያለች። የቫኑን በር ከፍቼ ሰሃኑን ስሰጣት፣ የሚባል ነገር ፈልጌ «አይዞሽ፣ ንዴት ነው፣ ያልፋል» አልኳት።

«ትናደድ፤ ምን ቸገረኝ» አለች። ሰሃኑን ጭኗ ላይ አደላደለችው። «ሽማግሌው ገቡ?»

«ገብተዋል።»

«ቀሲስ?»

«ውስጥ ናቸው፤ ሻይ ይዘዋል።»

«ሄለንስ?»

«ሁላችንም ገብተናል፣ እትዬ የሺ።»

አንድ ጉርሻ ጠቅልላ ጎረሰች፤ ቀስ ብላ አላመጠችው።

«እንግዲያው በሩን ዝጋልኝ» አለችኝ፤ «ብርድ እያስገባህ ነው።»